የሐቦባ ዘይነብ ቁራዎች

ባለፈው ሳምንት፣ ጎንደር በምንኖርበት ግቢ ልብስ ሳሰጣ፣ አንድ ቁራ ከአናቴ በላይ ዝቅ ብሎ ቢያልፍ ሳላስበው ራሴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ቁጢጥ አልኩ። ትንሿ ልጄ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ለምን እንደፈራሁ ግን አልነገርኳትም።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ነበር። እናቴ አርካዊት በሚባል ሌላ ሰፈር ሰው ቤት ምግብ ስለምታበስል፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው ጎረቤታችን ሐቦባ ዘይነብ ጋ ነው፤ ሐቦባ እዚያ አገር አያት ማለት ነው። በግቢያቸው መሃል በቆመው የኒም ዛፍ ጫፍ ላይ ደረታቸው የነጣ ሁለት ቁራዎች፣ ጭራሮውን ከሽቦ ቁርጥራጭና ከሰው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ከሰረቁት ጨርቅ ጋር እየቀላቀሉ በየዓመቱ ጎጆ ይሠሩ ነበር። ሰፈሩ ሳሙና ሰረቁ፣ የዶሮ ጫጩት ነጠቁ እያለ ሲረግማቸው ሐቦባ ጠዋት ጠዋት በሳፋ ውሃ ያስቀምጡላቸዋል፤ ድንጋይ ያነሳ ልጅ ካዩም ጫማቸውን አውልቀው ያባርሩታል። እኔም ከጎናቸው የገመድ አልጋው ላይ ተቀምጬ እናቲቱን ከአባትየው በድምፅ ብቻ መለየት ተማርኩ።

አንድ ዓመት ሐቦባ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ወደሚባለው የከተማው ክፍል፣ ልጃቸው ቤት ሄዱ። የግቢውን ቁልፍ ሲሰጡኝ፣ «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ጫጩቶቹ ገና መብረር አልጀመሩም። አደራሽን» አሉኝ።

ሦስት ቀን በደንብ ጠበቅኩ። በአራተኛው ቀን ሳልማ መጣች። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የሚከተሏት፣ እኔን ግን «ሐበሻዋ» ከማለት በቀር በስሜ ጠርታኝ የማታውቅ ልጅ ነበረች። ጓደኞቿን አስከትላ በሩ ላይ ቆመችና፣ «ቁራዎቹ ያንቺ ናቸው እንዴ?» አለችኝ።

«የኔ አይደሉም» አልኩና በሩን ከፈትኩላቸው።

ሲወረውሩ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ሳልማ አንድ ድንጋይ በእጄ አስያዘችኝ። ጎጆው የቱ ጋ እንደሆነ ከሁሉም ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝና፣ ያገኘውም የኔ ድንጋይ ነው። ጎጆው ተገልብጦ ሁለት ጫጩቶች ወደቁ። ሳልማ ያን ዕለት በስሜ ጠራችኝ፣ ደስም አለኝ። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታ ነው።

ሐቦባ ሲመለሱ ጎጆውን ነፋስ ጣለው ብዬ ዋሸኋቸው። «የአላህ ሥራ ነው» አሉና ያመጡልኝን ቀይ የፀጉር ማስያዣ ሰጡኝ። ተቀብዬ ግቢውን ሳቋርጥ ሁለቱ ቁራዎች እየጮሁ ወረዱብኝ፤ ሐቦባን አልፈው እኔን ብቻ፣ ፀጉሬን በጥፍራቸው እየቧጠጡ። ሐቦባ ቁራዎቹን አዩ፤ ቀጥሎ በታከመው ዓይናቸው እኔን ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«በይ ወደ ቤትሽ ግቢ፣ እናትሽ ልትመጣ ነው» አሉኝ፣ በዝግታ።

በማግስቱ ሳፋውን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። ቁልፉን አልጋው ላይ ባስቀምጥላቸው አነሱት። ከዚያ በኋላም ምሳዬን አልነፈጉኝም፣ ሲያመኝም ግንባሬን ዳስሰዋል፤ አደራ የሚል ቃል ግን ዳግም ከአፋቸው አልሰማሁም።

እኛ ወደ አገራችን ከተመለስን ከብዙ ዓመት በኋላ የሱዳኑ ጦርነት ሰፈሩን በተነው። ሸሽቶ በመተማ ድንበር ያለፈውን ሰው ሁሉ ስለ ሐቦባ ጠየቅሁ፤ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። ቁራዎቹ ከወረዱብኝ ቀን በኋላ አራት ዓመት ጎረቤታሞች ሆነን ስንኖር እውነቱን አልነገርኳቸውም፤ በመሃላችን የነበረው አንድ የጭቃ አጥር ብቻ ነው፣ እሱም ከኔ ትከሻ አይበልጥም ነበር።