ከመደብ ሥር የተቀበረው ጨው

መካነ ሰላም ላይ የሚወራው እውነት ከሆነ፣ ጨው ቸርቻሪዋ እትዬ ሙሉሐረግ ከሚተኙበት የጭቃ መደብ ሥር የቀበሩት ጨው ከተማውን እስከ ልጅ ልጅ ያጣፍጣል። ለአጎራባቹ ወግዲ ሰዎች በስውር ይሸጣሉ፤ የቀረውን ዋጋው ሰማይ እስኪነካ ይጠብቁበታል ይባላል።

ለማመን ግን ያስቸግራል። መደብ ድንጋይና ጭቃ ከመሬት ተደልድሎ የሚሠራ መኝታ ነው፤ ሥር የሚባል ነገር የለውም። ሴትዮዋም ለራሳቸው ወጥ ቁንጥር ጨው ከጎረቤት ሲለምኑ ታይተዋል።

የነገሩ መነሻ ወረኢሉ ላይ የፈነዳ የአንድ አይሱዙ ጎማ ነው። ጨው የጫነው መኪና ቆመ፤ ሾፌሩ ትርፍ ጎማ ከደሴ እስኪመጣለት ጥላ ፈልጎ ተኛ። ወሬው መካነ ሰላም ሲደርስ ግን መኪናው ገደል ገብቷል። ምሳ ላይ መንገዱ ራሱ ተንዷል። እራት ላይ አፋር አገር ጨው የሚባል ነገር አልቋል። ሕዝቡ ከሱቅ ሱቅ እየተሯሯጠ ያለውን ጠራርጎ ገዛ። ላም የሌለው ለላሙ፣ ሚስት የሌለው ለሚስቱ ጓዳ እያለ ተሸከመ። ባለ መጠጥ ቤቱ ብዙነህማ በጆንያ አስጭኖ አልጋው ሥር ወሸቀ። እትዬ ሙሉሐረግም እንዳመላቸው ምርቃት እየጨመሩ፣ የጓዳቸውን እንኳ ሳያስቀሩ ሸጠው ጨረሱ። ከዚያ ጨው ከመካነ ሰላም እስከ ወግዲ ጠፋ። ማን ደበቀው ይባል ጀመር፤ ጠያቂው ሁሉ ከተኛበት ጨው ላይ ተነሥቶ የመጣ ነው።

የእትዬ ጥፋት መለቅለቃቸው ነው። ልጃቸው ሉሊት የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ገብታለች። አራሷ የምትተኛበት እንዲያምር መደቡን በእበት አዲስ ለቀለቁት። እሳት ልትጭር ጎራ ያለችው ጎረቤታቸው በለጡ፣ ያልደረቀውን ልቅልቅ አየች። ከዚያ ወዲያ ማስረጃ የፈለገ የለም።

ብዙነህ ዶማ የያዙ ጎረቤቶችን አስከትሎ ሲገባ ሉሊት ምጥ ይዟት መደቡ ላይ ተጋድማ ነበር። በክብር አነሷት፤ ደጅ ጆንያ አንጥፈው አስተኟት። ጨዉ እንደወጣ እንመልስሻለን ብለው አጽናኗት። እናትየው በማርያምም በአላህም ለመኗቸው፤ ልጄ ሌላ የምትወልድበት የላትም አሉ።

«ንጹሕ ከሆኑ ምን ያስለቅስዎታል፣ እትዬ?» አላቸው ብዙነህ።

ቁፋሮው ሲፋፋም ምጡም ተፋፋመ። ጎማው የተቀየረለት አይሱዙ ጨዉን እንደጫነ ጡሩምባውን እያሰማ በደጅ አለፈ። ዞር ብሎ ያየው የለም፤ ጨው የቸገረው ማን አለና! ከመደቡ ድንጋይ ወጣ፣ አፈር ወጣ፣ አንዲት አይጥ ከነቤተሰቧ ወጣች። ቆፋሪዎቹ አላፈሩም፤ ይባስ ብለው ተናደዱ። ቀድመው ሸጠውታል ማለት ነው ተባባሉ። ልጁ ጆንያ ላይ ተወለደ።

ብዙነህ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩን፣ ጨዉን የት አደረሱት አላቸው።

እትዬ ሙሉሐረግ ጨቅላውን በነጠላቸው እየጠቀለሉ፣ ቀና ሳይሉ መለሱ፦

«ከመደቤ ሥር ጨው አልቀበርሁም። ለወግዲ ሰው አልሸጥሁም። ዋጋም አልጠበቅሁም። የነበረኝን ሁሉ የሸጥሁት ለእናንተ ነው።»