በጥር ያበበችው የግራናዋ

ልጅ እያለሁ ወልድያ ላይ አንዲት አበባ ያለ ወሯ አብባ ቤታችንን ጭንቅ ውስጥ ከትታው ነበር። ጊዜው የደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ጦርነቱ ከሰሜን እየቀረበ፣ ከተማው በወታደር መኪና ናፍጣ እየሸተተ፣ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እንኳ ለውትድርና እንዳይታፈሱብን የታላላቅ ወንድሞቻችንን ስም ጮክ ብለን እንዳንጠራ የምንገሠጽበት ጊዜ ነበር።

እናቴ ፋጡማ የቆላዋ ከተማ የግራና ልጅ ናት። ለአባቴ ተድራ ወደ ወልድያ ስትመጣ ከቤተሰቦቿ ግቢ አንድ ቁራጭ ግንድ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። ያቺ ቁራጭ በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ውስጥ በቅላ ደማቅ ቀይ አበባ የምታወጣ ቁጥቋጦ ሆነች። ስሟን የሚያውቅ ስላልነበረ "የግራናዋ" እንላት ነበር። ቆላ የለመደች ናትና የወልድያ ብርድ አይስማማትም። እናቴ ጥቅምት ከገባ ጀምሮ ቀን ቀን ፀሐይ ታሞቃታለች፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወደ ቤት ታስገባታለች፣ በጆንያ ትሸፍናታለች። የምታጠጣት እንኳ ለብ ያለ ውሃ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር እቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ በመጣ ቁጥር "እኔ እንኳ እንዲህ ተደርጎልኝ አያውቅ" እያለ ያሾፍባታል። ይህ ሁሉ ተደርጎላትም የግራናዋ ኅዳር ላይ ቅጠሏን አራግፋ እስከ ሚያዝያ ትተኛ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን በጥር እምቡጥ ያዘች።

እናቴ ተጠራጣሪ ሴት ነበረች። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ከአፏ አይጠፋም። እኔ በደስታ ስዘል እሷ ቆርቆሮውን እየዞረች "ይሄ ነገር ጤና አይደለም" አለች። መጀመሪያ የጠረጠረችው እኔን ነው፤ ምን እንዳደረግኋት አፋጠጠችኝ። ቀጥሎ ውሃውን ጠረጠረች። በመጨረሻ እምቡጦቹ ሁሉ በግድግዳው በኩል ባሉት ቅርንጫፎች ላይ ብቻ እንደሆኑ አየች። እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ የእኔንም እጅ ይዛ እዚያው ላይ አደረገችው። የጭቃው ግድግዳ እንደ ላም ጎን ሞቅ ብሏል።

ያ ግድግዳ እኛን ከጎረቤታችን ከእትዬ ሸጊቱ የሚለየን ነው። ከወዲያ በኩል ያለው ጓዳቸው ነው፤ አይጥ አስቸገረኝ ብለው ባዶውን ከቆለፉት ሰንብተዋል። ባዶ ጓዳ ደግሞ አይሞቅም። እትዬ ሸጊቱ ሰይፉ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። በአፈሳ ተይዞ ግንባር ከተላከ በኋላ ከጦሩ ጠፋ ተብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታቸውን አስፈትሾ ነበር፤ ያኔ ምንም አላገኘም። ከድቶ የተያዘ ሰው ምን እንደሚደረግ እኛ ልጆቹም እናውቃለን። የደበቀም፣ አውቆ ዝም ያለም አይተርፍም። እናቴ እጇን በሻሿ ጠረገችና "ምንም አልነካሽም፣ ምንም አላየሽም" አለችኝ።

እትዬ ሸጊቱ በማግስቱ ሰላም ሊሉን ገብተው አበባዋን ሲያዩ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

"ፋጤ፣ በጥር?" ብቻ አሉ።

"አላህ ካለው በጥርም ያብባል፣ እትዬ።"

ከዚያ ወዲህ ውሃ ወረፋ ላይ እናቴ ከሰው ጋር ባወራች ቁጥር እትዬ ሸጊቱ ዓይናቸውን ከአፏ ላይ አይነቅሉም። እሷም ብትሆን አላመነቻቸውም። "የተያዙ ዕለት ፋጡማም ታውቃለች ቢሉስ?" እያለች ለብቻዋ ስታጉረመርም ሰምቻታለሁ።

አበባዋን ከግድግዳው ታርቃታለች ብዬ ስጠብቅ፣ እናቴ ድንጋይ ሰብስባ ከቆርቆሮው አጠገብ ግድግዳውን አስደግፋ ምድጃ ሠራች። በየቀኑ እሳት ማንደድ ጀመረች። ይህ አልበቃ ብሏት ወረፋው ላይ ለአገር ምድሩ አወራችው። "የግራናዋ በርዷት እሳት እያሞቅኋት ነው፤ ይኸው አበበችልኝ!" እንጨት እንዲያ በተወደደበት ጊዜ ለአበባ እሳት የምታነድ ሴት! ሰፈሩ ሳቀባት። ትምህርት ቤት "አበባ አሙቂ" የሚል ስም ወጣልኝ። እያለቀስኩ ስነግራት "ይሳቁ፤ የሚስቅ ሰው አይጠይቅም" አለችኝ። ጭሱም ሙቀቱም ባለቤት እንዲኖረው መሆኑ ያኔ አልገባኝም፤ በጣም ነበር የተናደድኩባት።

አንድ አመሻሽ ላይ ሊቀመንበሩ ለጦሩ መዋጮ ሊጠይቅ መጣ። ዓይኑ አበባዋ ላይ ዐረፈ። መዋጮውን ረስቶ ግድግዳውን ይዳብስ ጀመር።

"ይህ ሁሉ ሙቀት ለአንዲት አበባ ነው?"

"እኔም እሷም የቆላ ነን፣ ጓድ ሊቀመንበር። ብርድ አንችልም።"

"ወንድሞችሽ ግንባር ላይ በብርድ ያልቃሉ፣ አንቺ ለቅጠል እሳት ታነጃለሽ!" አለና ውሃ በጣሳ ቀድቶ ምድጃው ላይ ቸለሰበት። ቤቱ በእንፋሎትና በእርጥብ ዐመድ ሽታ ታፈነ። በዚሁ አለቀ ስል በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። "እስኪ ሲቀዘቅዝ እንየው" አለ።

እናቴ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ድምጿ ሌላ ነበር፤ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። "ያ ረቢ! እሳቱ ይኸው ጠፋ! ደግሞ ግድግዳው እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብለው ሊጠብቁ ነው? ይጠብቁ! እጅዎን ከግድግዳው አያንሱ!"

"ምን ያስጮህሻል? እዚሁ አይደለሁ?"

"አበባዬ ልትሞትብኝ ነዋ!" ብላ እውነተኛ እንባ አለቀሰች።

ሊቀመንበሩ ሻይ ቢቀርብለትም አልጠጣ አለ። ይዳብሳል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ተነስቶ ይዳብሳል። ከወዲያ በኩል ምንም አይሰማም። ጭቃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ እኔ ሽንቴ እስኪያመልጠኝ ድረስ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። በመጨረሻ ቅር እያለው "ቀዝቅዟል" አለ። "ዳግመኛ ጭስ ባይ፣ አንቺንም አበባሽንም!" ብሎ ወጣ።

ያን ሰዓት እትዬ ሸጊቱ በወዲያ በኩል የእናቴን ጩኸት ሰምተው ፍማቸውን በዐመድ አዳፍነው ነበር። ይህን የነገረኝ ካደግሁ በኋላ ራሱ ሰይፉ ነው። ከግንባር ወባ ይዞ ተመልሶ፣ እዚያ ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ሲያንቀጠቅጠው ነበር እሳት የሚያነዱለት። እሳቱ ሲጠፋ እናቱ በገላቸው አቀፉት፤ የጥርሱ መንገጫገጭ እንዳይሰማም ነጠላቸውን አስነከሱት። ወባው ሲለቀው በሐራ በኩል ወደ ቆላ ወርዶ ተረፈ። ከዚያ ቀን በኋላ ከግድግዳው ወዲህም ወዲያም እሳት አልነደደም። የግራናዋ እምቡጧን አራግፋ በየካቲት ከነሥሯ ደረቀች።

ሁለቱ ሴቶች ስለዚያ ቀን ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሚያዝያ ላይ ግን እትዬ ሸጊቱ ኬላውን ሁሉ አልፈው፣ ዘመድ ወደሌላቸው ግራና ደርሰው ለእናቴ አዲስ ቁራጭ ግንድ አመጡላት። እናቴ ያው እናቴ ናትና ግንዱን እያገላበጠች መረመረችው። ከዚያ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ዛሬ የምኖረው መርሳ ነው። እዚህ ለአበባ እሳት የሚያነድ የለም፤ አገሩ ራሱ ሞቃት ነው። የቅርቡ ጦርነት በዚህ ሲያልፍ እንደገና ሰው ከሰው ተፈራራ፤ ማን ማንን ደበቀ፣ ማን ማንን ጠቆመ ይባል ጀመር። እኔ የዚያ ወሬ መጨረሻ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ከአጥሬ ወዲያ ያለችውን ሴት በመልክ እንጂ በስም አላውቃትም፤ ልጅ ይኑራት አይኑራትም አላውቅም። እሷም ስለ እኔ እንደዚያው ናት። እናቴ እትዬ ሸጊቱን የጠረጠረቻቸውም ያዳነቻቸውም ጓዳቸውንም፣ ልጃቸውንም፣ ጭንቃቸውንም ስለምታውቅ ነበር። እናቴ በሕይወት የለችም። እንደሷ የሚጠረጥረኝ ጎረቤት ይናፍቀኛል።