የመብራት ውል ይዞ የመጣ የሚካኤል እንግዳ

እማማ የወለዱኝ እናት አይደሉም። በሮም ከተማ ቶር ፒኛታራ ሠፈር ውስጥ፣ ትንሿ ባቡር በምታልፍበት መንገድ ዳር፣ እኛ ከምንኖርበት ፎቅ በታች ይኖራሉ። ሮም የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሰው ቤት ተቀጥረው ሠሩ። እኔ ልጄን ወልጄ በቅጡ ሳልጠነክር ወደ ሥራ ስመለስ፣ ሕፃኗን የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ልጄ አድጋ ዳቦ ቤት ተቀጥራለች፤ እማማን አሁንም "አያቴ" ትላቸዋለች። እግዚአብሔር በሰው አገር ሰው አላሳጣኝም።

እማማ በየዓመቱ ኅዳርና ሰኔ ሚካኤልን ይዘክራሉ። ድፎ ዳቦ ይደፋሉ፣ ጠላ ይጠምቃሉ። ጌሾው ከአዲስ አበባ በሰው ይመጣላቸዋል። በእነዚያ ቀናት በራቸውን ያንኳኳ ሁሉ የሚካኤል እንግዳ ነው። ፖስተኛው በልቶ ያውቃል። የሕንፃው አስተዳዳሪ እንኳ አንድ ጊዜ ስለ ደረጃው ጽዳት ሊቆጣ መጥቶ ቁራሽ ይዞ ተመልሷል። እኔ ስስቅባቸው፣ "ማን እንደላከው አንቺ ታውቂያለሽ?" ይሉኛል።

አንድ ዓመት ታዲያ በኅዳር ሚካኤል የመብራት ውል የሚሸጥ ሰው መጣ።

እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ሰውየው ወጣት ነው፤ ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ቦርሳውን ታቅፎ፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የዋለ ይመስላል። ግባ አሉት። በላ፣ ጠጣ፣ ዳቦውን አመሰገነ። ከዚያ ቦሌታዎን ላየው አላቸው። ቦሌታ በየጊዜው የሚመጣው የመብራት ሒሳብ ነው። ማንነታችንና ቆጣሪያችን ሁሉ እሱ ላይ ስላለ፣ ለማናውቀው ሰው እንዳናሳይ ልጄ ስንት ጊዜ ነግራናለች። እማማ ግን አወጡለት።

"በሚካኤል ማዕድ ተቀምጦ አንዲት ወረቀት አሳዪኝ ያለ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል?" አሉኝ።

አይቶ ሲጨርስ ሌላ ወረቀት አወጣና ይፈርሙ አላቸው፤ ፈረሙ። ሲሄድ ለእናቱ ቁራሽ ጠቅልለው ሰጡት። መረቁትም።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ሳምንት ሳይሞላ ነው። ከሥራ ስገባ እንደ ልማዴ ልጠይቃቸው ጎራ አልኩ። ጋቢ ተከናንበው፣ ካልሲ ደርበው፣ በጨለማው ተቀምጠዋል። የሕንፃው ማሞቂያ እሳቸው ክፍል በቅጡ አይደርስም። የሚሞቁት በስቱፋ፣ ባለፈው ዓመት በገዛንላቸው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ስቱፋው ጠፍቷል።

"እማማ፣ ምነው ስቱፋውን አጠፉት?"

"መብራቱ አሁን የዚያ ልጅ ነው።"

"የየትኛው ልጅ?"

"የሚካኤል ዕለት የመጣው። ዋጋው እንደ ገበያው ይወጣል ይወርዳል ብሎኛል። ሲወርድ አበራዋለሁ።"

"መውረዱን በምን ያውቃሉ?"

"እሱን አልጠየቅኩትም።"

ባለፈው ዓመት ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሐኪሙ ሲያስወጣቸው ያዘዘው ብርድ እንዳያገኛቸው ነው። ስለዚህ ስቱፋውን ራሴ አበራሁት። ደረጃውን ወጥቼ ሳልጨርስ እንዳጠፉት በነጋታው አወቅኩ፤ ክፍሉ እንደ ጓዳ ቀዝቅዞ አገኘሁት።

ልጄ ከዳቦ ቤት ስትመለስ ውሉን አነበበችው። እማማ እስከዚያ ቀን የነበሩት ቱቴላ በሚባለው አገልግሎት ውስጥ ነው። በዚያ ውስጥ ዋጋውን የሚወስነው ኩባንያ ሳይሆን ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል ነው። ሌላው ሕዝብ ከዚያ ወጥቶ ወደ ነጻው ገበያ እንዲገባ ሲደረግ፣ ሕጉ አረጋውያንን እዚያው ትቷቸው ነበር። እማማ በፊርማቸው ወጡ።

"አያቴ፣ ሕጉ እኮ እርስዎን ቩልኔራቢሌ ብሎ ነው የሚጠብቅዎት" አለቻቸው።

"ምን ማለት ነው እሱ?"

"በቀላሉ ሊጎዳ የሚችል ሰው።"

"እኔ? አንቺን አዝዬ የሰው ወለል ሳጥብ ማን ተጎዳ?"

ልጄ ሳቀች። "አሎራ፣ እንግዲህ ደግ ወሬም አለ። ሰውየው ሳይጠራ ቤት ድረስ ስለመጣ፣ ሐሳብዎን ለመለወጥ አንድ ወር አለዎት። እኔ እጽፍልዎታለሁ። ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ።"

ተመስገን አልኩ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

"አልመለስም" አሉ እማማ።

"ለምን?"

"ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሰውየው ቤቴ ገብቶ እህል ቀምሷል፤ መርቄዋለሁ። ምርቃት በፖስታ ይመለሳል እንዴ?"

ልጄ ልትከራከር አፏን ስትከፍት በዓይኔ ከለከልኳት። እማማን በክርክር የረታ ሰው አላውቅም። ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው፣ "ብርዱ ያልፋል" አሉ።

በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ሳላቸውን ከደረጃው ላይ እሰማ ነበር። ለመልአኩ ለሚካኤል ነገርኩት፤ እንግዳው ያንተ ነውና ነገሩንም አንተ ጨርሰው አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እማማ ቃሌን ማፍረስ ይገባኛል ወይ ብለው የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ፤ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። አባታችን እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። "እማማ፣ ሕጉ ይህን አንድ ወር ለምን እንደሰጠዎት ያውቃሉ?" አሏቸው። አላውቅም አሉ። "እንግዲያው መጀመሪያ ያንን ይጠይቁ። ከዚያ ስለ ቃሉ እንነጋገራለን።"

በሠፈራችን የተጠቃሚዎች ማኅበር ስፖርቴሎ፣ ሰው ቅሬታውን ይዞ የሚሄድበት ቢሮ፣ አለ፤ አንድ ጠረጴዛና ጥቂት ወንበሮች ያሉባት ክፍል ናት። የምታስተናግደው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ በነጻ ነው የምትሠራው። እማማ የክት ነጠላቸውን ለብሰው ሄዱ። ለመመለስ እንዳልመጡ፣ ለመጠየቅ ብቻ እንደመጡ መጀመሪያ ነገሯት።

"ይጠይቁ፣ ሲኞራ።"

"ሱቅ ሄዶ የፈረመ ሰውና ቤቱ ሆኖ የፈረመ ሰው ሕጉ ለምን ይለያያቸዋል?"

ሴትየዋ መነጽሯን አወለቀች። ድሮ ደንብ ሲወጣ የሚጠየቁት ኩባንያዎቹ ብቻ ነበሩ አለች። በኋላ ማኅበራቱም ሐሳብ እንዲሰጡ ተጋበዙ። እሷም አንድ ጊዜ ከማኅበሯ ጋር በባቡር ሄዳ እንደዚያ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጣለች። "እነሱ ቀኑን ሙሉ ስለ ኪሎዋት አወሩ" አለች። "ተራው ሲደርሰኝ እኔ ስለ በር አወራሁ።"

"ስለ በር?"

"በዚህ ሠፈር ያሉ አሮጊቶች በራቸውን ለመጣ ሰው ይከፍታሉ፤ ወንበር ያቀርባሉ። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ያሳፍራቸዋል፤ ሻጩም ይህንን ያውቃል አልኳቸው። ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ይወጣል። ቤቱ ያለ ሰው ግን የት ይሄዳል? እንግዳው ከሄደ በኋላ ተረጋግቶ የሚያስብበት ጊዜ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ብዙዎች ነን። ጊዜው ረዘመ።"

እማማ ቀስ ብለው መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ውሃ ሰጠኋቸው።

"ሕጉን ያወጡት ሰዎች ቤቴ ገብተው አይተዋል" አሉኝ በአማርኛ። ከዚያ ለሴትየዋ በጣልያንኛ፣ "ሕጉ ሰውየውን ውሸታም ነው አይልም ማለት ነው?"

"አይልም። እርስዎንም ቃል አፍራሽ አይልም። የቤቱ ባለቤት ጨዋ ናት ነው የሚለው።"

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እንግዲያው ጻፊ። ግን መጀመሪያ እኔ እደውልለታለሁ።"

ሰውየው ካርዱን ትቶላቸው ነበር። እዚያው ስፖርቴሎው ውስጥ በእኔ ስልክ ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው።

"ልጄ፣ የሚካኤሏ ሴትዮ ነኝ። ውሉን ልተወው ነው።"

"ሲኞራ፣ ለእኔ መደወል እኮ አያስፈልግም። ለኩባንያው መጻፍ ይበቃል።"

"ኩባንያው እኔ ቤት አልበላም። የበላኸው አንተ ነህ።"

ተቀየመ ብዬ ፈራሁ። "ዳቦው ጥሩ ነበር" አለ። "እናቴ እንዴት እንደሚጋገር ጠይቅልኝ ብላኝ ነበር።"

"እሷን ይዘህ ና፤ አሳያታለሁ። ምርቃቴንም አልወሰድኩትም፤ እሱ የሚካኤል ነው።"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ሲኞራ" አለ። ከድምፁ እንደተገላገለ ያስታውቃል።

በዚያው ዕለት ስቱፋው በራ። በነጋታው ከሥራ ስገባ የእማማ ክፍል ሞቆ፣ ካልሲው አንድ ብቻ ሆኖ፣ ጋቢው ታጥፎ አየሁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

በልጅነቴ መብራት እንደ ዝናብ ነበር። ሲሄድ ወዴት እንደሚሄድ አንጠይቅም፤ ሲመጣ ሠፈሩ በሙሉ "መጣ!" ብሎ ይጮኻል፤ እናቴ ታማትባለች። ስለ መብራት የሚጠየቅ ሰው፣ የሚሰማም ሰው አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም። እዚህ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ባቡር ተሳፍራ ስለ እኛ በር ተናገረች፤ አንድ ሰው ሰማት። ስሟን ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎቴ አነሳለሁ። የልጁንም አነሳለሁ፤ እማማ አዘውኛል።

ልጁ ከነእናቱ አልመጣም። ውሉ ግን ፈረሰ፤ እማማ ወደ ቱቴላቸው ተመለሱ፤ ብርዱም አለፈ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት እኔም ሥራ አልነበረኝም። መስኮቱ ተከፍቶ፣ ድፎው ተቆርሶ ተቀምጠን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ልጄ ከፈተች። ባጅ ያንጠለጠለች፣ ፊቷ በሙቀት የቀላ ልጅ እግር ቆማለች፤ የጋዝ ውል ነው የምትሸጠው። ልጄ በሩን ልትመልሰው ስትል እማማ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ምን ታደርጊያለሽ? አስገቢያት።"

ልጅቷ ገባች። እማማ ወንበር ሳቡላት፣ ዳቦ ቆረሱላት፣ ጠላ ቀዱላት። ከቦርሳዋ ወረቀት ማውጣት ስትጀምር እጃቸውን በእጇ ላይ ጫኑ።

"ብዪ፣ ልጄ። ጠጪ። ቦሌታ ግን በዚህ ቤት ለእንግዳ አይቀርብም።"

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። ዳቦውን ወደ እሷ አስጠጋሁት። ወረቀቷን ወደ ቦርሳዋ መለሰች፤ ከጠረጴዛው ሥር ጫማዋን ስታወልቅ ሰማኋት፤ መብላት ጀመረች።