ሩሯ ምን ላይ ትቀመጥ?

አዲስ አበባ ውስጥ ጎልፍ የሚጫወት አንድ ወዳጅ አለኝ። ሰሞኑን ከኪሱ ችንካር የሚያካክሉ ነገሮች በእፍኙ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። ኳሷን ከመምታቱ በፊት መሬት ላይ ተክሎ የሚያስቀምጥባቸው ናቸው። የእንጨት አለ፣ የፕላስቲክ አለ፣ አጭር አለ፣ ረጅም አለ። የትኛው ኳሷን እንደሚያርቅለት ሲያብሰለስል እንቅልፍ አጥቷል። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ይህ ጥያቄ እኮ በደርግ ጊዜ መንዝ ውስጥ፣ ጎልፍ የሚባል ነገር በስሙ እንኳ ሰምተው የማያውቁ ሰዎችን ሲያጨቃጭቅ አይቻለሁ።

የኛ ጨዋታ ገና ነው። ከወይራ ሥር የተጠረበች፣ ሩር የምንላት ኳስ አለች፤ ጫፉ የቆለመመ ዱላ አለ፤ የሁለት አጥቢያ ሰው ሜዳ ሙሉ ሆኖ ይራኮታል። በኛ በኩል ግን ዋናው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ከየወገኑ አንድ ሽማግሌ ወጥቶ አንድ ጊዜ ይመታል። ሩሯ የራቀችለት ወገን ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይጫወታል። የመንዝን ነፋስ የቀመሰ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባዋል። ለዚህች ምት ብቻ ሩሯን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ይፈቀዳል። ምን ዓይነት መቀመጫ የሚለው ላይ ነው ጭቅጭቁ።

የኛ ወገን መቺ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ነበሩ። እኔ በዚያን ጊዜ ጢም አብቅዬ፣ እዚያው በቀያችን የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆኜ ነበር። ከፊታቸው ስቆም ግን አሁንም ጆሮዬን የሚቆነጥጡኝ ይመስለኝ ነበር። ዓምና እሳቸውም የማዶው መቺም ሩሯን ስተው አፈር ዝቀዋል፤ ነፋሱ ለማን እንደሚሆንም የተለየው በዕጣ ነበር። ሁሉም በሣሩ አሳበበ።

የገና ጾም እንደገባ የኔታ አስጠሩኝ። «ዘንድሮ መቀመጫውን አስቀድመን እንምረጥ» አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ሄድን። በኩበት ጀመርን። የኔታ ባለ በሌለ ኃይላቸው ሰነዘሩ፤ ሩሯ እዚያው ዱብ ስትል ኩበቱ ፊቴ ላይ ተበተነ።

«እርጥብ ነው» አሉ።

ዓይኔ ውስጥ የገባው ግን ዱቄት ነበር። ቀጥለን የጓሳ ሣር ቋጠርን። ዱላው ከሩሯ አጠገብ ያለውን መሬት አረሰው።

«ጓሳው ሸሸ» አሉ።

ሣር ሲሸሽ አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ከኪሴ ሦስት ስባሪ ጠመኔ አወጣሁ። ሦስቱን እንደ ጉልቻ መሬት ላይ ተክዬ ሩሯን ጉብ አደረግኩባቸው። የኔታ መቱ፤ ሩሯ እየፏጨች ገደሉ አፋፍ ደረሰች።

«አየህ? ጠመኔ ሩር ያርቃል!»

እኔ ዘመኑ የሳይንስ ነው ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ዱላውን ተቀብዬ በኩበትም፣ በጓሳም፣ በጠመኔም መታሁ። ሁሉም እኩል ሄዱልኝ፤ ያውም ቅርብ።

«የኔታ፣ መቀመጫው ልዩነት የለውም። የሚያርቀው ክንድ ነው።»

«አንተ ክንድ የለህ፣ በምን አወቅህ?» አሉኝ። ግራ ቀኙን ሰው አለመኖሩን በጆሯቸው አዳመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማ። ነጩን አያለሁ፤ ሩሯን አላያትም። ነጩ ካለ የት እንዳለች አውቄ እመታለሁ።»

ክው አልኩ። ዳዊቱን በቃላቸው ነው የሚያስተምሩት፤ ተማሪ ሲሳሳት ከደጅ ሆነው በጆሮ ያርሙታል። የዓይናቸውን ነገር ማን ይጠርጥር?

«አፍህን ያዝ» አሉኝ። «ከታወቀ እጄን ይዘው ከተመልካች ጋር ዳስ ውስጥ ያስቀምጡኛል፤ ከዚያ በኋላ ዱላ የሚያስይዘኝ የለም።»

አንጀቴን በሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ ጠመኔ በተሰበረ ቁጥር ስባሪውን ወደ ኪሴ ነበር የምከተው።

የገና ዕለት ውርጩ ገና አልለቀቀም፣ ሜዳው ግን ጢም ብሏል። የማዶዎቹ መቺ ድሮ ግራዝማች የሚባሉ፣ ስብሰባ ላይ ደግሞ ጓድ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጠመኔዬን ተክዬ፣ ሩሯን አስቀምጬበት ቀና ከማለቴ ጮኹ።

«ቆይ ቆይ! ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«ጠመኔ ነው» አልኩ።

«የመንግሥት ጠመኔ! የአብዮቱን ንብረት ለጨዋታ?»

ሜዳው በሳቅ አወካ። አዋጁ መሬታቸውን ከወሰደባቸው ወዲህ ግራዝማች አብዮቱን በደግ አንስተውት አያውቁም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ብቻ ይሳቅ ይቆጣ ግራ ገብቶት፣ «እንግዲያው ይነሣ» አለ። የኔታ ዱላቸውን ጨብጠው ቀሩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። በቃ፣ አበቃላቸው አልኩ በሆዴ።

ግራዝማች ራሳቸው ሊነቅሉት መጡ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሲሰዱ ሩሯን ነኳትና ከጠመኔው ላይ ወደቀች፤ እዚያው እግራቸው ሥር ቆመች። እሳቸው ግን ሊያነሷት ሣሩን ወዲህና ወዲያ ይዳብሱ ጀመር። ጫማቸውን ተደግፋ ቆማለች፤ እሳቸው ይፈልጓታል። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም አጎነበስኩና ሩሯን እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። ጠመኔውን አዩት፣ ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ከዚህ ነጭ ሌላ አለህ?»

«አለኝ።»

ቀጥ ብለው ቆሙና ለሜዳው ሁሉ እንዲሰማ፣ «መርምሬዋለሁ! የአብዮቱ ንብረት የሰፊው ሕዝብ ነው፤ ለእኔም ይተከልልኝ!» አሉ። ሊቀ መንበሩም አጨበጨበ።

የኔታ መቱ፤ ግራዝማች መቱ። ሁለቱም ሩሮች ጥርት ብለው ተነሡ፣ ሕዝቡም እየጮኸ ተከትሏቸው ሄደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኔ ጋር ባዶ ሜዳ ላይ ቀሩ። አንዳቸው ወደ ምሥራቅ፣ አንዳቸው ወደ ሰሜን አተኩረው ያያሉ። ሩሮቹ የሄዱት ወደ ደቡብ ነው።

«የማን ራቀች?» አሉኝ እኩል።

ለየኔታ ሳሳሁላቸው፤ ግን ሕዝቡ ተመልሶ መናገሩ አይቀርም። «የግራዝማች» አልኩ።

ግራዝማች ፈገግ አሉ። የኔታ ግን ደማቸው ፈላ፤ ጆሮዬን አፈፍ አድርገው ይዘው፣ «ረጃጅሞቹን ጠመኔ ለእሳቸው ሰጥተህ ነዋ!» አሉኝ። «ለከርሞ ረጃጅሞቹን ለኔ ታስቀምጣለህ። ሰምተሃል?»

ጆሮዬን አሞኛል። ለከርሞ ማለታቸውን ግን ሰምቻለሁ፤ በነፋስ ፊት እየተጫወትን ስንሸነፍ እንኳ ከደስታዬ የቀነሰብኝ ነገር አልነበረም።