ሁለት ግራ ክንፍ

ወረታ በሚገኝ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ከደመወዜም ከማዕረጌም በላይ የምወደው አንድ ማሽን ነበረኝ። ከተጣሉ ፕሪንተሮች አራት ሞተር ፈትቼ፣ በሁለት የእንጨት ምሰሶዎች መሃል ቀጭን የምድጃ ሽቦ ወጥሬ የሠራሁት ነው። ሽቦው በኤሌክትሪክ ይግላል፣ ኮምፒውተሩ ሞተሮቹን ያዛል፣ ሽቦውም ነጩን ፎም እያቀለጠ የሞዴል አውሮፕላን ክንፍ ይቆርጣል። ሽቦው ከቸኮለ መሃሉ ወደ ኋላ ይቀርና ክንፉን ያጎብጠዋል፤ ከዘገየ ደግሞ ፎሙን ይበላዋል። ልኩን ለማግኘት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ባልደረቦቼ መጫወቻ ይሉት ነበር። ይበሉ።

አባቴ እዚያው አቅራቢያ፣ ቁሐር ሚካኤል በሚባል ቀበሌ ሩዝ ያርሱ ነበር። ሩዙ ፍሬ ሲይዝ ወፍ ይወርድበታል፤ እሳቸውም ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ሲያጮኹ ይውላሉ። ዕድሜያቸው በዚህ አለቀ ብል አላጋነንሁም። ወፍ የሚያባርር አውሮፕላን እሠራለሁ ስላቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ቆይተው ግን ከእኔ ብሰው ተገኙ። የማዳበሪያ ነገር ሊነጋገሩ በተሰበሰቡበት የአንድ ለአምስት የገበሬ ቡድን ላይ ሳይቀር አውርተውታል።

ግንቦት ላይ ዓይኔ ደከመብኝ ሲሉ ባሕር ዳር ወስጄ አስመረመርኋቸው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የዓይን ግፊት መሆኑን ነገረኝ፤ የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ጥቂት ጊዜ ቢያቆየው ነው እንጂ እሱም መሄዱ አይቀርም አለኝ። እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው መኪናው ውስጥ ሳወጣ ሳወርድ፣ በመመለሻችን መንገድ ሐሙሲት ስንደርስ እሳቸው ቀደሙኝ።

«አትጨነቅ፣ በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ያችን አውሮፕላን ብቻ ዓይኔ ሳይጨልም አሳየኝ» አሉ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ውኃ ሜዳውን ሳያጥለቀልቀው ላበርርላቸው ቃል ገባሁ። ቀኑንም እሑድ አልን። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የግራውን ክንፍ ቆረጥሁ፤ እንዲያ ያለ ንጹሕ ክንፍ ወጥቶልኝ አያውቅም። ክንፍ እንደ ጫማ ነው፤ የግራው ለቀኝ አይሆንም። ስለዚህ ለቀኙ ቅርጹን ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጥሁት። ልቆርጥ ስል መብራት ጠፋ። ሲመጣ ኮምፒውተሩ የከፈተልኝ የቀድሞውን፣ ያልተገለበጠውን ነበር። እኔ ግን ገልብጫለሁ ብዬ፣ መብራቱ ደግሞ ሳይጠፋብኝ ብዬ፣ ሳላይ ለቀቅሁት። ክንፎቹን ከአካሉ ጋር ሳጋጥም ነው ሁለቱም ግራ መሆናቸው የገባኝ። አንዱን ገልብጬ ብሞክረው ሆዱ ወደ ላይ ሆነ። ሌላ ፎም አልነበረኝም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እስከ ዛሬ ያችን ዓርብ ባሰብሁ ቁጥር ራሴን እረግማለሁ።

እሑድ ባዶ እጄን ሄድሁ። ነገሩን ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ።

«የግራውን በሬ በቀኝ ጠምደህ መጣህ በለኛ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በሬ የለመደው ጎን አለው፤ የትኛው በየት በኩል እንደሚጠመድ የሚረሳ ገበሬ የለም። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። ሜዳውን፣ ከብቱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፎች አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ። ለመጪው እሑድ አልኋቸውና ተነሣሁ።

ያዘዝሁት ፎም ለመጪው እሑድ ከባሕር ዳር አልደረሰም። ለሚቀጥለውም አልደረሰም። ከዚያ ዝናቡ ጠነከረ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ውኃ ለበሰ፤ እኛም መምህራኑ ስልጠና ተብለን ሌላ ከተማ ከረምን። ስደውል ጠብታዬን አላቋረጥሁም ይሉኛል። ዓይንዎስ እላለሁ። ደህና ነው ይላሉ። ማመን ስለፈለግሁ አመንኋቸው።

ጥቅምት ላይ፣ ሩዙ ፍሬ ይዞ፣ አውሮፕላኗን ጨርሼ ሄድሁ። እኅቴ እጃቸውን ይዛ ወደ ማሳው አመጣቻቸው። መሬቱን በእግራቸው እየዳሰሱ ይራመዳሉ። እኅቴ ፊቷን አዞረችብኝ። ከመስከረም ወዲህ ምንም እንደማይታያቸው፣ ለእኔ እንዳትነግረኝም እንዳስማሏት የነገረችኝ በኋላ ነው።

ልተወው ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው፣ በል ጀምር አሉኝ። ለቀቅኋት። ቀጥ ብላ ወጣች። ወፎቹ ከሩዙ ብድግ ብለው ከሜዳው ማዶ ወዳለው ሐይቅ ሸሹ። ሁለት ጊዜ ማሳውን ዞረች። ባትሪዋ ሲደክም ሞተሩን አጠፋሁት፤ ያለ ድምፅ ወርዳ አጠገቤ ሣሩ ላይ አረፈች። አነሣኋት።

አባቴ አሁንም ወደ ላይ አንጋጠዋል።

«ይታየዎታል አባባ?» አልሁ። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

«እንዴት አይታየኝም፤ ያቻት ከፍ ብላ ትሄዳለች። ክንፏ እንዴት ያምራል ልጄ» አሉ።

አውሮፕላኗን ደረቴ ላይ እንደታቀፍሁ፣ «አዎ አባባ፣ ገና ትዞራለች» አልኋቸው።