የእናቴ እንሰትና የገማቹ ወረቀት

አባቴ ከሞተ በኋላ ኮልፌ ያለው ግቢ በእናቴ ስም ዞረ። ከፊት ሁለት ክፍል ቤት፣ ከጀርባ የእናቴ እንሰት ነበር። ከጉራጌ አገር ወጥታ ሃያ ዓመት ከተማ ብትኖርም ቆጮ ከገበያ መግዛት ታፍራለች። ችግኙን ከአገሯ አስመጥታ ነው የተከለችው። ሲያድግ እየነቀለች ሰፋ ወዳለ ቦታ ታዛውረዋለች። ለመብል እስኪደርስ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል። በዚያን ጊዜ አሥራ አንድ እግር ነበራት፤ ለመፋቅ የደረሱት አራቱ ብቻ ናቸው።

ጎረቤታችን የጎጃም ሴት ነበሩ። በየበዓሉ ዋዜማ በአጥሩ በላይ ብቅ ይሉና፣ "ኧረ ቅጠል!" ይላሉ። እናቴ ቆርጣ ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸው ዳቦ ይደፉበታል።

"ይኼን ሁሉ ዓመት ለዳቦ መጠቅለያ ትደክሚያለሽ" እያሉ ይቀልዱባታል።

"እርስዎ ልብሱን ይውሰዱት፤ ሥጋው የኔ ነው" ትላቸዋለች።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ወደ አስኮ የሚሄደው መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለ። ቀያሾች መጥተው ከቤቱ ጀርባ ችካል ተከሉ። ችካሉ ቤቱን አልነካም። እንሰቱን ግን አንድም ሳይቀር ወደ መንገዱ ከለለው።

በዚያው ዓመት የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት በትምህርት ቤት እንማር ነበር። መምህሩ የሚያነብቡልንን በደብተሬ ገልብጬ ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቴን አስቀምጬ የንብረቱን ክፍል አነበብኩላት። የማንም ሰው ንብረት ከሕግ ውጭ እንደማይወሰድ፣ ለሕዝብ ጥቅም ቢወሰድም ተገቢ ካሣ እንደሚከፈል ነገርኳት።

"መንግሥትም ቢሆን?" አለች።

"መንግሥትም ቢሆን።"

"ይኼን ማን ጻፈው?"

"ንጉሡ ናቸው የሰጡት።"

"ራሳቸው የሰጡትንማ አይሽሩትም" አለችና ተነሣች። በማግሥቱ በአጥሩ በላይ ለጎረቤታችን፣ "ልጄ ሕጉን አንብባልኛለች" ስትል ሰማኋት።

የሚወሰደውን ንብረት ዋጋ የሚተምነው የመንግሥት ገማች የመጣው ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በጠዋት ነው። ኮት የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ትሑት ሰው ነበር። በታይፕ የተጻፈ ዝርዝር ይዟል፦ ባሕር ዛፍ፣ ቡና፣ ጌሾ፣ ብርቱካን፤ ለእያንዳንዱ ዋጋ ተቆርጦለታል። የአጥሩን እንጨት ቆጠረ። ጥግ ላይ የበቀለችውን አንዲት ጌሾ ቆጠረ። ከዚያ ማኅደሩን አጠፈ።

"እንሰቱስ?" አልኩት።

"ኮባውን ነው? እኔም ቤት አለ፤ ለዳቦ ነው አይደል?"

"የሚበላ ነው። ሰባት ዓመት የተለፋበት ንብረት ነው። ሕገ መንግሥቱ ያለ ካሣ አይወሰድም ይላል።"

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ልክ ነሽ እህቴ። እኔም ተምሬዋለሁ። ድሮ ቢሆን ማንም ሳይጠይቃችሁ ይነቀል ነበር። እኔ የመጣሁት እኮ ሕጉ ስላለ ነው።" ዝርዝሩን አዙሮ አሳየኝ። "ግን እዚህ ውስጥ የለም። የሌለበትን ዋጋ ከየት ላምጣ?"

"ይጨመራ።"

"የምጨምረው እኔ አይደለሁም።"

"ማነው ታዲያ?"

እጁን ወደ መሀል ከተማ አቅጣጫ አወዛወዘ። "እማማ ካልፈረሙ፣ አልፈረሙም ብዬ እጽፋለሁ። ሥራው አይቆምም። የአጥሩ ካሣ ግን ይጓተታል።"

ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን ሰጠኝ። "አንብቢላቸው። ሳይነበብላቸው ማስፈረም አይፈቀድልኝም።"

ወረቀቱ ላይ አጥርና አንድ ጌሾ ተጽፏል። ከሥሩ፣ "ሣርና ልዩ ልዩ ቅጠል፤ ግምት የለውም" ይላል። ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ መጣች።

"እንሰቱ አለበት?"

"አለበት" አልኩ።

"አሥራ አንዱም?"

"አሥራ አንዱም።"

ገማቹ አጎንብሶ የቀለሙን ሣጥን ይከፍት ነበር። ይስማ አይስማ አላውቅም። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ሕጉን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ያን ወረቀት ደግሞ እንዳለ ላነብላት አፌ እምቢ አለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በዚያ ሳምንት ዘመዶቿ መጥተው አራቱን ፋቁላት። ከጀርባ መሬት ስላልቀረን ቆጮውን እንዲብላላ የምንቀብርበትን ጉድጓድ ከቤቱ ደጃፍ ቆፈርን። ሰባቱን ለጋ እንሰት የመንገድ ሠራተኞች በገጀራ ገነደሷቸው። እናቴ ስታይ አላለቀሰችም። "ጽፈውታል" አለች፣ እንደሚያጽናና ሰው።

ካሣው ወጣ ሲባል ወደ መክፈያው ቢሮ አብረን ሄድን። በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ ወጣት ነበር።

"አጥርና ጌሾ" አለ።

"እንሰቱስ ልጄ?"

ወረቀቱን ፈልጎ አወጣና ጮክ ብሎ አነበበ። ሣርና ልዩ ልዩ ቅጠል፣ ግምት የለውም።

"ልጄ አንብባልኛለች" አለች።

ጸሐፊው ወደ እኔ ዞረ። "ጽሑፉ እኮ ግልጽ ነው። ምን ብለሽ ነው ያነበብሽላቸው?"

እናቴ እኔን አላየችኝም፤ እጇን መስኮቱ ላይ አድርጋ እሱን ታያለች።

"ያን ቀን ዓይኗን አሟት ነበር" አለችው።

የመቀበያውን ወረቀት ሲያወጣ፣ እንደ ደንቡ፣ ይነበብላቸው አለና ወደ እኔ ገፋው። እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ቀድማ አነሣችውና ወደ መስኮቱ መለሰችው።

"አንተው አንብብልኝ" አለች።

ከዚያ ወዲህ ከአገሯ ደብዳቤ ሲመጣ ይዛው ወደ ጎረቤታችን ቤት ትሻገራለች፤ የሴትዮዋ ባለቤት ያነቡላታል። ስትመለስ ማን ደኅና እንደሆነ፣ ማን እንደሞተ ትነግረኛለች።