የወይዘሮ ተዋበች ስም በአሞራ ገደል

በአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወይዘሮ ተዋበችን የማያውቅ ሰው ቢገኝ ለከተማዋ እንግዳ ነው። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ቆዳውን ገፈው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው ለሐይቅ ዳር ምግብ ቤቶች ሲያቀርቡ ኖረዋል። ጀልባው ሳይደርስ ቆመው ይጠብቃሉ፤ የዓሣውን መተንፈሻ፣ ስንጥቡን ገልጠው የትኩስነቱን ቅላት ሳያዩ አይገዙም። ልጆቻቸውን ያስተማሩትም፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚሄዱትም በዚህ ነው።

ታዲያ ባዬ የሚባል ሌላ አቅራቢ በምግብ ቤት ባለቤቶች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ተዋበች ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ለቅማ ነው የምታቀርብላችሁ» የሚል ድምፅ ለቀቀ። የወይዘሮዋ ደንበኛ ተመናመነ። የዘመናት ደንበኛቸው፣ የምግብ ቤት ባለቤቱ አብዱልሃሚድ እንኳ ስልካቸውን ማንሳት ተወ። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው መሃል ከተማ ወዳለው የጠበቃ ሃሴት ቢሮ ወጡ።

«ሰውን የሚያስጠላና የሚያስንቅ ነገር ለሌላ ሰው ሲነገር ነው ሕጉ ስም ማጥፋት የሚለው፣ እትዬ» አለች ሃሴት። «ለመጉዳት አላሰብኩም ቢል አያድነውም። እውነት መሆኑን ካስረዳ ግን ሊረታን ይችላል።»

«ያስረዳ። እኔም ቢላዬም እዚያው ነን።»

«ጥሩ። ድምፁስ የታለ?»

«አስጠፋሁታ» አሉ ወይዘሮዋ ኮራ ብለው። «ባለቤቶቹን አንድ በአንድ ለምኜ ከየስልኩ አስፋቅሁት። ባዬም ፈርቶ ከግሩፑ አነሣው። ስሜ ረክሶ በሰው ኪስ ሲዞር ልይ?»

ሃሴት ግንባሯን ያዘች። «ያስፋቁት እኮ ማስረጃችንን ነው።»

«እንግዲያ ቀረ?»

«አልቀረም። የሰማ ሰው ይመስክር። ከሁሉ የሚሻለው ሰምቶ ያመነ፣ አምኖም ፊቱን ያዞረብዎ ሰው ነው።»

ይህ ከሐሜቱ ይልቅ ከበዳቸው፤ የናቃቸውን ሰው ንቀቱን በዳኛ ፊት እንዲናገርላቸው ሊለምኑ ነውና። ቢሆንም ከቢሮው ወጥተው በቀጥታ አብዱልሃሚድ ምግብ ቤት ገቡ። ሰውየው ሲያያቸው ተነሥቶ ቆመ።

«የባዬን ነገር ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

«አምነኸዋል?»

አብዱልሃሚድ መሬት መሬቱን አየ። «አምኜው ነበር። ዓይንዎን ማየት ያቃተኝ ለዚሁ ነው።»

«ዓይኔን ተወው። አሁን ያልከኝን ለዳኛው ድገመው።»

«የእኔን ሞኝነት?»

«እሱን ነው የምፈልገው። እዚህ በነጻ ስላገኘሁት እዚያም አታስከፍለኝ።»

ሳቀ፤ ቃሉንም ሰጠ። ክሱ ተመሠረተ። አብዱልሃሚድ ሊመሰክር መቁረጡ በገበያው እንደተሰማ ባዬ ወደ ወይዘሮዋ ቤት ሽማግሌ ላከ።

«ተዋበች፣ ቤትሽ መጥቶ እግርሽ ላይ ይውደቅ፤ ነገሩም እዚሁ ይቅር» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ይቅርታ አልጠላም፣ አባቶቼ። ግን ስሜ የጠፋው እዚህ ሳሎን ውስጥ አይደለም። ባጠፋበት ግሩፕ፣ ባጠፋበት ድምፅ ይመልስልኝ፤ ያን ጊዜ ክሱን አነሣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄዱ። የወይዘሮዋንም ቃል ለባዬ ነገሩት።

በማግሥቱ ወይዘሮ ተዋበች ከሐይቁ ዳር ጀልባ ሲጠብቁ፣ ባዬ በግሩፑ የለቀቀው አዲስ ድምፅ ከሰው ሰው ተላልፎ የሁሉም ስልክ ጮኸ። «ስለ ወይዘሮ ተዋበች የተናገርኩት ሐሰት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» ይላል ባዬ። ከጎናቸው የቆመው ዓሣ አስጋሪ ሰምቶ ስልኩን ወደ ኪሱ ሊመልስ ሲል እጁን ያዙት።

«ይህቺን እንዳታጠፋ» አሉት፤ የደረሰውንም ጀልባ ሊቀበሉ ወደ ውኃው ወረዱ።